ሳትመታ የምትደርሰው ሴት

ወረታ ላይ ቤዝቦል ተጫውቻለሁ ስል የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። ግን ተጫውቻለሁ፤ ለዚያውም ደረቴን ነፍቼ፣ ከእኔ ወዲያ ማን አለ እያልኩ። የጨዋታውን ቁም ነገር ያሳየችኝ ግን ከሁላችንም ያነሰ የምትመታ አንዲት ሴት ናት። ስለ እሷ ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል።

ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሩዝ ዘር ማባዣ እርሻ ላይ የመስክ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ከጃፓን የመጣ አንድ የሩዝ ባለሙያ አብሮን ይሠራ ነበር። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ዶክተር እያልን ስንጠራው “ዶክተር አይደለሁም” እያለ በተሰባበረ አማርኛው ይከራከረናል፤ እኛም አልተውነው። ክረምቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ችግኝ ሲተክል ይውላል። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ማሳው ባዶውን ሲቀር፣ ዋልካውም መሰነጣጠቅ ሲጀምር ግን ሥራው ይቀዘቅዛል፤ እሱም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያቅተዋል።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም ቦርሳ በትከሻው አንግቶ መጣ። ከውስጡ ሁለት ዱላ፣ ጥቂት የቆዳ ጓንትና ነጫጭ ኳሶች አወጣ። በእጁ የታጨደውን ማሳ እያሳየ፣ “ሜዳ አለን፤ ሰው አለን፤ እንጫወት” አለ።

ለማያውቅ ሰው ጨዋታውን ባጭሩ ልንገር። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቃል። የመታው ሰው ሮጦ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ዞሮ ከተነሳበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይሆናል። የተነሳበትን ቦታ ቤት እንለዋለን። ማረፊያዎቻችን እብቅ የሞላንባቸው ጆንያዎች ነበሩ። ጥሩ ኳስ ሦስት ጊዜ ያመለጠው ሰው ይቃጠላል፤ መጥፎውንም ቢሆን ልምታ ብሎ ከሳተው እንዳመለጠው ይቆጠርበታል። የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘበት ይቃጠላል፤ ኳሱ ከእሱ ቀድሞ ማረፊያው ላይ ከደረሰም ይቃጠላል። ሦስት ሰው ሲቃጠል ተራው ወደ ሌላው ቡድን ያልፋል። ተመትቶ ወደ ጎን የወጣ ኳስ ግን፣ በአየር ላይ ካልተያዘ በቀር፣ የመጨረሻ ዕድል ላይ ያለን ሰው አያቃጥልም።

አንድ ሌላ ሕግም አለ። ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ከወረወረ፣ ማለትም ከጉልበት በታች ወይም ከደረት በላይ ወይም ራቅ አድርጎ ካሳለፈ፣ ዱላ የያዘው ሰው ሳይመታ ዝም ብሎ በእግሩ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። ጃፓናዊው ይህን ሲነግረን ሳቅን። በስጦታ ማለፍ ምን ደስ ይላል? ዱላ ጨብጦ ሳይመታ መሄድ ለእኛ የሚያሳፍር ነገር ነበር።

እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። በገና ሰሞን ሩር ስለጋ ነው ያደግሁት፤ ዱላና ኳስ ለእጄ እንግዳ አይደሉም። የመጀመሪያውን ኳስ ስመታው ከማሳው አልፎ ጎረቤት ገበሬ የዘራው ጓያ ውስጥ ወደቀ። ጓያውን እንዳንረግጥ በእግራችን ጣት እየሄድን እስኪመሽ ድረስ ፈለግነው። ጃፓናዊው አጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይመርጠኝ ራሴን የቡድኑ አውራ አድርጌ ሾምኩ።

እሷ ወደ ጨዋታው የገባችው ሰው ስለጎደለን ነው። ከወረታ ብዙ የማይርቀው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሴት ናት፤ አርባ ዓመት ግድም ይሆናታል። ባሏ ከሞተባት በኋላ ሦስት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች፣ እኛ እርሻ ላይ ብዙ ክረምት የሠራች ናት። ሥራዋ ዘር ማጥራት ነበር። ሩዙ ሲያሸት በመስመሩ መሃል ቀስ ብላ እየሄደች፣ ዓይነቱ ያልሆነውን ከሺህ መሃል ለይታ ትነቅላለች። በበጋ ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ የተወቃውን ሰፌድ ላይ ዘርግታ ቀያዩን ፍሬ ትለቅማለች። እኛ “እትዬ” እንላታለን፤ እሷ ደግሞ ሁላችንንም “ወንድም ዓለም” ትለናለች።

“እትዬ፣ አንድ ሰው ጎደለን፤ ነይ ቁሚልን” አላት ሾፌራችን።

“ምን አውቅና?”

“መቆም ነው። ሌላ የለውም።”

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና መጣች። ጃፓናዊው አያያዙን አሳያት፤ ጥሩውን ኳስ ከመጥፎው የሚለየውን ከፍታም በእጁ ከጉልበቷ እስከ ደረቷ እያመለከተ ነገራት። ደጋግማ ጠየቀችው። “ከጉልበት በታች ከሆነ አይደለም? ከዚህ ካለፈ አይደለም? ከጆንያው ጎን ካለፈስ?” እኛ ማናችንም ያንን ያህል አልጠየቅንም።

ከዚያ ቆመች። የመጀመሪያው ኳስ መጣ፤ ዝም አለች። ሁለተኛው መጣ፤ ዝም። ዱላው ትከሻዋ ላይ እንዳለ ነው። አራት መጥፎ ኳስ ሲሞላ ዱላውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠችና ገበያ እንደሚሄድ ሰው ረጋ ብላ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሄደች። ሁላችንም ፍርፍር ብለን ሳቅን።

“እትዬ፣ ዱላውን ታዲያ ለምን ያዝሽው?” አልኳት።

“መጥፎውን ነው የወረወረው። መጥፎውን ለምን እመታለሁ?” አለች፤ እሷ አልሳቀችም።

በሚቀጥሉት ሳምንታትም እንደዚያው ሆነ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ እንጫወታለን፤ እሷም ትቆማለች። ስትመታ ደግሞ ጉልበት የላትም፤ ኳሱ ተንከባሎ ወርዋሪው እግር ሥር ይደርስና ትቃጠላለች። እኔ በዚያ ሰሞን “ምሰሶዋ” የሚል ስም አወጣሁላት። ስሙ ያዘ። ተራዋ ሲደርስ “ምሰሶዋ መጣች!” ይባላል። እሷ የሰማች አትመስልም ነበር።

ይፋግ ያሉ ጓደኞቼ ለገና በዓል ስሄድ ካሳየኋቸው በኋላ ጨዋታውን ወደውት፣ አንድ አናጺ ከወይራ እንጨት ዱላ ጠርቦላቸው፣ የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ነበር። ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው እሑድ እንድንገጥማቸው ተቀጣጠርን። ቀኑ ሲቃረብ ወደ ጃፓናዊው ሄድኩ።

“ዶክተር፣ እትዬን በሌላ ሰው እንቀይር። ከእሷ ያነሰ የሚመታ የለም። ያገሬ ሰዎች ይስቁብናል።”

ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ጨዋታው ከተጀመረ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ እሱ ላይ ሲጽፍ እናየው ነበር፤ የሩዝ ነገር ይመስለን ነበር፤ ለካ ማን ምን እንዳደረገ ኖሯል። “አንተ ቁጠር” አለና ሰጠኝ። በአንዱ ዓምድ መትቶ ማረፊያ የደረሰ፣ በሌላው ዓምድ መትቶም ሆነ ሳይመታ የደረሰ ሰው ተጽፏል።

ጥላ ሥር ተቀምጬ ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ዓምድ እኔ አንደኛ ነኝ፤ ዱላ ከያዝኩበት ዐሥር ጊዜ ሦስቱን ያህል መትቻለሁ። እሷ ከዐሥሩ አንዱን እንኳ አትመታም፤ የመጨረሻ ናት። ወደ ሁለተኛው ዓምድ ዞርኩ። እኔ እዚያም ያው ሦስት ነኝ፤ በመምታት ካልሆነ ደርሼ አላውቅም። እሷ ከዐሥሩ አምስቱን ደርሳለች። ተሳስቻለሁ ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። ሦስተኛ ጊዜም ቆጠርኩ።

“ይህ ግን እኮ ስጦታ ነው” አልኩት።

“ስጦታ አይደለም” አለ። “ወርዋሪው ሊሰጣት አይፈልግም። እሷ ናት የምትወስድበት።” ከዚያ ቃል እየፈለገ ቀስ ብሎ ነገረኝ። በሀገሩ እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች አሉ። ጋዜጣ ላይ የመምታታቸው ቁጥር ታች ነው፤ ተመልካቹም ስማቸውን እየጠራ አይጨፍርም። ማረፊያ የመድረሳቸው ቁጥር ግን ላይ ነው፤ የገባው አሠልጣኝ አይለቃቸውም። “ሦስት ሰው እስኪቃጠል ጨዋታው ያንተ ነው” አለኝ። “ዋናው አለመቃጠል ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደ እሷ ነበርኩ። እጄ ደካማ ነበር። እንደ እሷ ግን ጎበዝ አልነበርኩም፤ እኔ እፈራ ነበር፤ እሷ አትፈራም።”

ምሰሶዋ ብዬ ስም ማውጣቴ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። በማግሥቱ እሷ ጥላዋ ሥር ሰፌዷን ይዛ ስትለቅም አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

“እትዬ፣ እንዴት ነው የምታውቂው? ኳሱ ገና ከእጁ ሳይወጣ መጥፎ መሆኑን የምታውቂ ትመስያለሽ።”

“ከእጁ ሳይወጣማ አላውቅም” አለች፤ ጣቶቿ ሥራቸውን አላቆሙም። “እንደወጣ ግን አየዋለሁ። እናንተ ልትመቱት ስለምትፈልጉ ሁሉም ጥሩ ይመስላችኋል። እኔ ደግሞ ሳየው የሚቀድመኝ ያልሆነው ነው። ይኸው ስንት ዓመቴ ያልሆነውን ስፈልግ።”

“እጅሽንስ አያሳክክሽም? ምቺ ምቺ አይልሽም?”

አሁን ሳቀች። “ይለኛል እንጂ! አንተ ስትመታው ያ ድምፁ እንዴት ደስ ይላል። እኔም እንደዚያ ባደርገው እወድ ነበር። ጉልበቱ ከሌለኝ ምን ላድርግ? በመጥፎው ላይ ያለችኝን ጉልበት አልጨርስም።”

ምሰሶዋ ስላልኳት ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያን ዕለት ብጠይቃት ኖሮ በኋላ የመጣው ነገር ባልከበደኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ለጨዋታ አልመጣችም። ሥራዋን ትሠራለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ነጠላዋን አራግፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ምን ሆነሽ ስንላት “ቤት ጉዳይ አለብኝ” ትላለች። ግጥሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው ዐርብ ቀን ወደ ቁሐር ሚካኤል ሄድኩ።

ታላቅ ወንድሟን ያገኘኋቸው የከብቶቻቸውን በረት የእሾህ አጥር ሲጠግኑ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንደ አባት ሆነው የቆሙላት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ማንነቴን ነገርኳቸው።

“አያ፣ እህትዎ ጨዋታውን ተወችብን። ምናልባት እርስዎ . . .”

“አዎ፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት” አሉ፤ እጃቸው ከአጥሩ ላይ አልተነሳም። “ዱላ ይዛ ወንድ መሃል መቆሟ ሳያንስ፣ ሰው ይስቅባት ጀመር። ገበያ ላይ አንዱ ‘ያቺ ምሰሶ የምትባለው እህትህ ደህና ናት?’ አለኝ። ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ለምን መሳቂያ ትሆናለች?”

እግሬ ሥር ያለውን መሬት አየሁ። መዋሸት እችል ነበር፤ ማንም አይነግርብኝም።

“አያ፣ ያንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ” አልኩ።

እሾሁን መሬት ላይ ጣሉትና ቀና ብለው አዩኝ።

“እና አሁን ምን ልትል መጣህ?”

“ተሳስቼ ነበር ልል ነው የመጣሁት። ለእርስዎም፣ ለእሷም።”

ደብተሩን አምጥቼው ነበር። ማንበብ እንደማይችሉ ነገሩኝ፤ ስለዚህ በቃሌ አስረዳኋቸው። ዐሥር ጊዜ ዱላ ብንይዝ እሷ አምስቱን ማረፊያ እንደምትደርስ፣ እኔ ሦስቱን ብቻ እንደምደርስ።

“አንተ ግን ትመታለህ ይላሉ” አሉኝ።

“እመታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን እቃጠላለሁ።”

ከንፈራቸው ላይ ሳቅ መጣባቸው፤ ሊደብቁት ወደ ከብቶቹ ዞሩ። በዚህ መሃል እሷ ከቤቷ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ እሷ ሄጄ “እትዬ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት።

“ስሙን እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ” አለች። “አንተ ስትለው ምንም አልመሰለኝም። ወንድሜ ገበያ ላይ ሰምቶት ሲመጣ ግን ከፋኝ።”

ወንድሟ ተመልሰው መጡ። “እሑድ አብሬያት እመጣለሁ” አሉ። “በዓይኔ ካየሁ በኋላ እንነጋገራለን።”

የግጥሚያው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ምሳ በልተን ወደ ይፋግ ሄድን። ሜዳው ከከተማው ዳር ያለ የከብት ግጦሽ ነበር። ከጠበቅነው በላይ ሰው ወጥቶ ጠበቀን፤ ግማሹ ምን እንደምናደርግ ሊያይ፣ ግማሹ እኔን ሊያይ። ዳኛው ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሁለቱም ወገን እሳቸውን አምኖ ተቀበለ። ጃፓናዊው መጥፎና ጥሩ ኳስ የሚለየውን ደጋግሞ አሳያቸው፤ እሳቸውም በተማሪ ትህትና ሰሙት።

የይፋግ ወርዋሪ ወጣት ግንበኛ ነው። ሩዝ በሚያሸትበት ወቅት ወፍ ሲጠብቅ በወንጭፍ ያደገ ክንድ ነበረው። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ያፏጫል። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነበር። ኳሱ ከደረቴ በላይ መጣ፤ አየሁት፤ ግን ያገሬ ሰው እያየኝ ነው፤ ዱላዬን ባለ በሌለ ኃይሌ አወናጨፍኩ። ነፋሱን መታሁ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ተቃጠልኩ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

እሷ ተራዋ ሲደርስ ወንድሟ ከሰው መሃል ወጥተው ወደ ፊት ተጠጉ። ግንበኛው አንዲት ነጠላ የታጠቀች ሴት ሲያይ ፈገግ አለ፤ ቀስ አድርጎ የወረወረላትም መሰለኝ። አልነካችውም። ከዚያ አጥብቆ ወረወረ፤ ዝቅ አለበት። አሁንም አልነካችውም። አራተኛው መጥፎ ኳስ ሲያልፍ መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው ማረፊያውን አሳዩአት። “ምንም ሳትሠራ!” ብሎ አንዱ ጮኸ። እሷ ሄዳ ጆንያው ላይ ቆመች። ቀጥዬ እኔ እንደገና ተቃጠልኩ፤ ከእኔ በኋላ ሾፌራችን በደንብ መታ፤ እሷም ዞራ ቤት ገባች። የመጀመሪያው ነጥባችን የእሷ ነበር።

ቀጥሎ ተራዋ ሲደርስ ግን መታችና ኳሱ ተንከባሎ ግንበኛው እግር ሥር ቆመ። አንሥቶ ወረወረው፤ ተቃጠለች። ሰው ሳቀ። ወንድሟ መሬት መሬት ሲያዩ አየኋቸው፤ የእኔም ልብ አብሮ ወረደ።

የመጨረሻው ዙር ላይ አራት ለሦስት እየመሩን ነበር። ሁለት ሰው ተቃጥሎብናል፤ ማረፊያ ላይ ማንም የለንም። ተራው የእሷ ሆነ። ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነበርኩ።

ግንበኛው አሁን አይፈግግም። የመጀመሪያውን ጥሩ ኳስ አሳለፈባት፤ ሁለተኛውንም። አንድ ጥሩ ብቻ ቀራት። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እስካሁን አልረሳውም። ጥሩ ኳስ ሲመጣ በዱላው ጫፍ ነካ ታደርገዋለች፤ ኳሱ መሬት መሬቱን ወደ ጎን ይሄዳል፤ አልተቃጠለችም። መጥፎ ሲመጣ ትተወዋለች። እንደገና ጥሩ፤ እንደገና ነካ። ላቡን በክንዱ ይጠርጋል፤ ይወረውራል። እንደገና ነካ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ሰዉ እያንዳንዱን ኳስ ድምፁን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ፤ የይፋግ ሰው፣ የእኛ ሰው ሳይል። ሦስት መጥፎ ሞልቷል። ግንበኛው ትከሻውን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ወረወረ። ኳሱ በጉልበቷ ትክክል፣ ወይም ትንሽ ወረድ ብሎ፣ መጣ። እኔ ብሆን እመታው ነበር። እሷ ዓይኗን ተክላ እስከ መጨረሻው ተከተለችው እንጂ ዱላውን አላነሳችም።

መምህሩ አልቸኮሉም። “መጥፎ ነው” አሉ። “ሂጂ፣ ልጄ።”

“አበጀሽ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወንድሟ ናቸው፤ ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው።

እኔ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እጄን መያዝ ከብዶኝ አያውቅም። የመጀመሪያው ኳስ ራቅ ብሎ መጣ፤ ተውኩት። ጓደኞቼ “ምታ እንጂ! ምን ነካህ?” ይላሉ። ሁለተኛውንም ተውኩት። ወደ መጀመሪያው ማረፊያ አየሁ፤ እሷ ጆንያው ላይ ቆማ ራሷን ነቀነቀችልኝ። የግንበኛው ክንድ ዝሏል፤ አሁን ሁሉም ወደ ግራ ይሄድበታል። አራተኛው ሲያልፍ ዱላዬን አስቀምጬ በእግሬ ሄድኩ። ሳልመታ ስደርስ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ወደ ሁለተኛው አለፈች።

ተራው የሾፌራችን ነበር። የመጀመሪያውን ኳስ አልጠበቀም፤ መታው፤ ኳሱ ከፍ ብሎ ሰማይ ነካ። እሷ ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች፤ ሦስተኛውን ማረፊያ አለፈች፤ ቤት ልትገባ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ከሜዳው ዳር የቆመ አንድ የይፋግ ተጫዋች ኳሱን በሁለት እጁ ያዘው። ጨዋታው አለቀ። ተሸነፍን።

ሾፌራችን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ማንም አልወቀሰውም። የይፋግ ሰው እየጨፈረ ሳለ ግንበኛው ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ እሷ መጣ። ትከሻውን እያሸ ነበር።

“እትዬ፣ እኛ አሸንፈናል፤ እኔን ግን እርስዎ ጨረሱኝ” አላት።

“አንተማ ብርቱ ነህ፣ ወንድም ዓለም” አለችው። “ሲደክምህ ግን ወደ ግራ ታሳልፋለህ። እሱን አስተካክል።”

አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። በሚቀጥለው ሳምንት ወረታ ድረስ መጥቶ፣ እሷ ቆማ እያየችለት ኳስ ሲወረውር ዋለ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ወንድሟ ከአጠገቤ ተቀመጡ። “ሰውየው ሲደክም አየሁት” አሉኝ። “እሷ አልደከመችም።” ከዚያ ወዲያ ትጫወት አትጫወት የሚል ነገር ከአፋቸው አልወጣም።

ጃፓናዊው ሥራውን ጨርሶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ዱላዎቹን፣ ጓንቶቹንና ደብተሩን ተወልን። ከመሄዱ በፊት የደብተሩን ገጽ በስልኩ ፎቶ አነሣ። ለድሮ አሠልጣኙ እንደሚያሳየው ነገራት። እሷም “የማልመታውንም ልታሳየው ነው?” ብላ ደነገጠች፤ እሱ ደግሞ “በተለይ እሱን” አላት።

ጨዋታው እስከ ዛሬ አልቆመም። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ቁሐር ሚካኤል ላይም ይጫወታሉ፤ ከእሷ ጋር ዘር የሚለቅሙ ሴቶች የራሳቸው ቡድን አላቸው። መምታት የሚችሉ አሉ፤ እሷ ግን በመጀመሪያ የምታስተምራቸው መተውን ነው። እኔም አሁን እንደ ድሮው ብዙ አልመታም፤ የምደርሰው ግን በልጧል።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ፣ ልጠይቃቸው ሄጄ ሲጫወቱ ደረስኩ። እሷ ዱላ ይዛ ቆማለች። አንድ ኳስ ተወች፤ ሁለተኛውን ተወች። ሦስተኛው በወገቧ ትክክል፣ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም መጣ። ዱላው ሲነሣ አላየሁም፤ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ኳሱ ከሁሉም ሰው ራስ በላይ አልፎ፣ ሩቅ ሄዶ፣ ከብቶች የሚጠጡበት ኩሬ ዳር ወደቀ። እኛ ሁላችን ጮህን። እሷ ግን ዱላውን እንደያዘች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ኳሱ የሄደበትን ታያለች።

“ሩጪ እንጂ!” አልናት።

ያኔ ነው መሮጥ እንዳለባት ትዝ ያላት። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛውን አልፎ ሦስተኛው ማረፊያ ይደርስ ነበር፤ እሷ የመጀመሪያው ላይ ደርሳ ቆመች። ሄጄ አበጀሽ ስላት ፊቷ በሳቅና በኀፍረት ተሞልቶ ነበር።

“ምን ላድርግ፣ ወንድም ዓለም” አለችኝ። “ጥሩ ኳስ ነበረች።”